ያውቁ ኖሯል? አጓቱን አይድፉት

ያውቁ ኖሯል? በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። ልብ እንዲመታ፣ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያግዘው የቀረው 1 በመቶ ነው። ከማዕዱ ካልተገኘ ሰውነት ከአጥንት እየቆረሰ ይወስዳል፤ ባለቤቱም አይሰማውም። አጥንት እስከ 30 ዓመት ገደማ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በኋላ የተጠራቀመውን መጠበቅ ነው። አንድ ጎልማሳ በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሰጣል።

ያውቁ ኖሯል? ቅቤ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ካልሲየም ከስብ ጋር አይሄድም። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ ካልሲየሙ አሬራው ውስጥ ይቀራል። አሬራው እሳት ላይ ተጥዶ አይቡ ሲለይ ደግሞ ብዙው ወዴት ይሄዳል? ወደ አጓቱ! አሬራው ጎምዛዛ ስለሆነ አሲዱ ካልሲየሙን ያሟሟና ከውሃው ጋር ይዞት ይወጣል። አይባችን ለፕሮቲን ግሩም ነው፤ በካልሲየም ግን ከፎርማጆ በብዙ ያንሳል። አይቡ ሲጠል ከሥር የሚንጠባጠበው ያ ብጫ አረንጓዴ ውሃ በየቤቱ ለጥጃ፣ ለውሻ ይሰጣል፤ ወይም ደጅ ይደፋል። ያሳዝነኛል። የልጆች ድርሻ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ጎመንና ቆስጣ ለአጥንት እኩል አይደሉም። ቆስጣ ካልሲየም አለው፤ ግን ኦክሳሌት የሚባለው ንጥረ ነገር አስሮ ስለሚይዘው ሰውነት የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው። ጎመን ኦክሳሌቱ አነስተኛ ነው፤ ካልሲየሙን ሰውነት ከወተት ባላነሰ ድርሻ ይወስደዋል። በዓመት 180 ቀን ገደማ ከወተት ተዋጽኦ ለሚርቅ ጿሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? 100 ግራም ጤፍ ወደ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይይዛል። ስንዴ 35 ገደማ፣ ነጭ ሩዝ ቢበዛ 30፣ በቆሎ 10 እንኳ አይሞላም። ኑሮ ተወዶ ጤፉ ላይ ሩዝና በቆሎ የሚቀላቅል ቤት ብዙ ነው፤ አይፈረድበትም። ግን የቀነሰውን በጎመን ወይም በእርጎ ይካስ። ደግሞ እርሾው! ሊጡ ሲቦካ ማዕድናትን የሚያስረው ፋይቴት ይቀንሳል። ሳይቦካ የተጋገረ እንጀራ ይህ ጥቅም ይቀርበታል።

ያውቁ ኖሯል? ብዙ ሰው ለጠላና ለአረቄ ብቻ የሚያስበው ዳጉሳ በካልሲየም ጤፍን ይበልጣል፦ በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ።

ሰሊጥስ? ከነሽፋኑ በ100 ግራም 975 ገደማ፣ ሲላጥ ወደ 60 ይወርዳል። ሽፋኑ ኦክሳሌት ስላለው ሁሉም አይገኝም። ቢሆንም ወቅጠው ሲያጠሉት የሚጣለው ገለባ ብዙ ካልሲየም ይዞ እንደሚሄድ ልብ ይበሉ።

ያውቁ ኖሯል? ይህ ሁሉ ተበልቶ ቫይታሚን ዲ ከሌለ ካልሲየሙ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ቫይታሚን ዲን የምትሰጠው ፀሐይ ናት፤ በመስኮት መስታወት በኩል ግን አትሰጥም። ምች ይመታዋል ተብሎ ተጠቅልሎ ጓዳ የሚያድግ ሕፃን እግሩ የሚቆለመመው፣ አጥንቱ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። የጠዋት ፀሐይ ይሙቅ፣ እጅና እግሩ ይገለጥ። በሰሜን አውሮፓ ክረምት የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ፀሐይዋ ስለማትበቃቸው ሐኪማቸውን ስለ ቫይታሚን ዲ ይጠይቁ።

ጨው ሲበዛ ካልሲየም በሽንት ይወጣል። ቡና የሚያስወጣው ጥቂት ነው፤ ወተት ጠብ ማድረግ ይክሰዋል።

እናም በሚቀጥለው ጊዜ አይብ ሲያወጡ አጓቱን በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉት። ለብ እንዳለ ለልጆች ይስጡ፤ የተረፈው የገንፎ ውሃ ይሁን።