ባልንጀራዎን ሮም ሲጠይቁ

የልጅነት ባልንጀራዎን ለመጠየቅ ሮም ድረስ ሊሄዱ ተነሥተዋል እንበል። በሻንጣዎ በርበሬና ሽሮ መያዝዎ አይቀርም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስቀድመው ያስቡ፤ እርስዎ ለዕረፍት ሲሄዱ እርሷ ሥራ ላይ ናት።

በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ እህቶቻችን በዚያ አገር የተለመደው የዕረፍት ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። ባልንጀራዎም ያንኑ በልብስ አጠባና ወደ ቤተሰብ በመደወል እያሳለፈችው፣ ከተማዋን ከአውቶቡስ መስኮት በቀር ሳታያት ዓመታት አልፈው ይሆናል።

እንግዲያው ይዘዋት የሚወጡት እርስዎ ይሁኑ። ከኮሎሲየም ጎን ካለው የቆንስጣንጢኖስ ቅስት ይጀምሩ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው እዚያ ነው። ጥቂት እንደተራመዱ ፖርታ ካፔና ይደርሳሉ። በፋሺስቶች የተወሰደው፣ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልት ለረጅም ዘመን ቆሞ የነበረው በዚህ ስፍራ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ለዚህ ሁሉ የመግቢያ ዋጋ አይከፈልም፤ ውሃም በየመንገዱ ካሉት ቧንቧዎች በነፃ ይጠጣል።

አብሮ መራመድ ብዙ ያናግራል። ስለ ሐውልቱ መመለስ ስታነሡ የእርሷም ነገር መምጣቱ አይቀርም። «መቼ ነው የምትገቢው?» ብለው አያጣድፏት። ራሷ እስክታወራዎ ድረስ ዝም ብለው አብረዋት ይሂዱ።