ስለ አውቶሞቢል ክፍሎች አቅርቦትና ስለ እውነተኛ መዝገብ

ዮሴፍ በግብፅ አገር የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ሰብስቦ ለሰባቱ የራብ ዓመታት ማቆየቱ፤ አስቀድሞ ማሰብ አገርን እንዴት እንደሚያድን ለማስተማር ዘወትር የሚነገር ታሪክ ነው። ነገር ግን የዮሴፍ ጎተራ የያዘው እህልን ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ አውቶሞቢል ተሠርቶ እስኪፈጸም ድረስ 30,000 ያህል ክፍሎች ያስፈልጉታል፤ እነዚህም ክፍሎች በአንድ ቤት የሚሠሩ ሳይሆኑ በብዙ አገሮች ከሚገኙ አያሌ ፋብሪካዎች የሚሰበሰቡ ናቸው። ይህን ሁሉ በመጋዘን አከማችቶ ክፉ ቀንን መጠበቅ ከወጪው ብዛት የተነሣ የማይቻል ነው። ስለዚህ አውቶሞቢል ሠሪዎች ሌላ ዓይነት ጎተራ መፈለግ ግድ ሆነባቸው፤ ይኸውም የዕውቀት ጎተራ ነው፤ ማለት እያንዳንዱ ክፍል ከማን እጅ፥ ከየትኛው ስፍራና በምን መንገድ እንደሚመጣ የሚነግር እውነተኛ መዝገብ ነው።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የምትሆነው ጃፓን ናት። የኢትዮጵያ ሊቃውንት የጃፓንን ሥራ መመርመር የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 (በዚህ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደዚያ ተልከው ከተመለሱ በኋላ፤ ስላዩት ነገር «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል።

ቶዮታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመሐንዲሱ በታይቺ ኦኖ አሳብ አዲስ የአሠራር ሥርዓት አቆመ። የሥርዓቱም ፍሬ ነገር፤ ማናቸውም ክፍል በሚፈለግበት ሰዓት በሚፈለገው ልክ ብቻ ይምጣ የሚል ነው። ሠራተኛው በእጁ ያለውን ክፍል ሲወስድ «ካንባን» የምትባል ካርድ ወደ ኋላ ትላካለች፤ ክፍሉን የሚሠራውም ሰው ካርዷን አይቶ የተጠየቀውን ያህል ብቻ ሠርቶ ይሰጣል። በዚህም ምክንያት ገንዘብ በመጋዘን ታስሮ አይቀመጥም፤ ጉድለት ያለበትም ክፍል ሳይውል ሳያድር ይታወቃል። ዳሩ ግን መጋዘኑ ባዶ የሆነ ፋብሪካ አንዲት ምንጭ ብቻ እንዳለችው መንደር ነው፤ ምንጪቱ በደረቀች ቀን መንደሩ ሁሉ ይጠማል።

ይህም አደጋ በ1997 በግልጥ ታየ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን ካሪያ በተባለችው ከተማ የነበረው የአይሲን ሴኪ ፋብሪካ በእሳት ተቃጠለ። በዚያ ይሠራ የነበረው የኋላውን ጎማ የፍሬን ግፊት የሚመጥን ትንሽ ቫልቭ ነበር፤ ቶዮታም ከሚያስፈልገው ቫልቭ 99 በመቶ ያህሉን የሚያገኘው ከዚሁ ኩባንያ ነበር። የተቀመጠው ቫልቭ ለብዙ ቀን የሚበቃ ስላልነበረ በጃፓን አገር ያሉት የቶዮታ ፋብሪካዎች ወዲያው መቆም ጀመሩ። የአይሲን ሰዎች ግን የቫልቩን ንድፍ ሳይሰስቱ ለሚረዷቸው ሁሉ አደሉ። 200 ያህል ኩባንያዎችም ተነሥተው ሥራውን ተካፈሉት፤ ከእነርሱም መካከል የልብስ ስፌት መኪና በመሥራት የታወቀውና የአውቶሞቢል ክፍል ሠርቶ የማያውቀው ብራዘር ይገኝበት ነበር። ስለ ዋጋና ስለ ውል የሚደረገው ክርክር ለኋላ ቀርቶ ሥራው ስለ ቀደመ፤ በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ አውቶሞቢል መሥራቱ እንደገና ቀጠለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ እውነተኛነቱ ተገለጠ።

በ1997 የተቃጠለው ፋብሪካ ግን በቅርብ ያለ፥ ስሙና ባለቤቱ የታወቀ ነበር። ከዚህ የሚብሰው መከራ የመጣው የማይታወቀው በጠፋ ጊዜ ነው። በማርች 11 ቀን 2011 በሰሜናዊ ምሥራቅ ጃፓን ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ፤ ሱናሚ የሚባለውም የባሕር ማዕበል ተከትሎ ብዙ ሺሕ ሰዎችን አጠፋ። በዚሁ ጊዜ የአውቶሞቢልን ሞተርና ልዩ ልዩ አካል የምታዝዘውን ቺፕ የተባለች ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ክፍል የሚሠራው፤ ናካ የሚገኘው የሬኔሳስ ፋብሪካ ተሰብሮ ሥራውን አቆመ። በኦናሃማም የነበረው ሜርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ፋብሪካ ቆመ። በዚያ የሚሠራው የአውቶሞቢልን ቀለም የሚያብለጨልጭ ዱቄት ነበር፤ ይህንም ዱቄት የሚሠራ ሌላ ፋብሪካ በዓለም ላይ አልነበረም። ከዚህም የተነሣ በአሜሪካ ያለው የፎርድ ኩባንያ አንዳንድ ጥቁርና ቀይ ቀለም ያላቸውን አውቶሞቢሎች እንዳያዙ ነጋዴዎቹን አስታወቀ። በጃፓን የባሕር ዳር የሆነው አደጋ በአሜሪካ የሚሸጠውን የአውቶሞቢል ቀለም እስከ መወሰን ደረሰ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ ኩባንያዎች አንድ ከባድ ነገር ተረዱ። አንዱን ክፍል ከሁለት ወይም ከሦስት አቅራቢዎች በመግዛታቸው ከአደጋ የዳኑ መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን አቅራቢዎቹ ሁሉ አንዱን ቺፕ ወይም አንዱን ዱቄት ከአንድ ፋብሪካ ይገዙ ኖሯል። ከላይ ሲታዩ ብዙ ዛፎች ነበሩ፤ ከመሬት በታች ግን ሥራቸው አንድ ነበረ። ኩባንያው ከእርሱ ጋር የተዋዋለውን አቅራቢ ያውቃል፤ የአቅራቢውን አቅራቢ፥ ከዚያም በታች ያለውን ግን አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ቶዮታ ከ2011 በኋላ ከአቅራቢዎቹ ጋር ተባብሮ በኮምፒዩተር የሚጠበቅ ታላቅ መዝገብ አዘጋጀ፤ ስሙም «ሬስኪዩ» ተባለ፤ ማዳን ማለት ነው። በዚህ መዝገብ እስከ ታችኛው ደረጃ ድረስ ያለው አቅራቢ ፋብሪካው የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ ይጻፋል። አንድ አገር በምድር መናወጥ ወይም በጎርፍ ሲመታ፤ በዚያ ስፍራ የሚሠራው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ መዝገቡን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ደግሞም ኩባንያው ቺፕን የመሰለ በቶሎ የማይተካ ክፍል የሚያቀርቡት ሁሉ ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ እንዲያስቀምጡ አደረገ። እንግዲህ የዮሴፍ ጎተራና መዝገቡ ተገናኙ፤ ምን ማከማቸት እንደሚገባ የሚያመለክተው መዝገቡ ነውና።

በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በዓለም ላይ በተነሣ ጊዜ ብዙ አውቶሞቢል ሠሪዎች ገበያው ይጠፋል ብለው ያዘዙትን ቺፕ ሰረዙ፤ የቺፕ ፋብሪካዎችም ፊታቸውን ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ቤት ዕቃ ሠሪዎች መለሱ። ገበያው በተመለሰ ጊዜ ግን ቺፕ ታጣ፤ በ2021 በብዙ አገር ፋብሪካዎች ቆሙ። ቶዮታ ባስቀመጠው ቺፕ ምክንያት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከብዙዎቹ ይልቅ ጸንቶ ቆየ። ሆኖም ችግሩ በረዘመ ጊዜ እርሱም በሴፕቴምበር ወር ሊሠራ ካሰበው 40 በመቶ ያህሉን ለመቀነስ ተገደደ። ጎተራም መዝገብም ጊዜን ይገዛል እንጂ መከራን ፈጽሞ አያስቀርም።

ከዚህ ሌላ መሣሪያው ራሱ መሰናክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2022 ኮጂማ የተባለውን አንድ ክፍል አቅራቢ የኮምፒዩተር ወንበዴዎች ስለ ወረሩት፤ በማርች 1 ቀን በጃፓን ያሉት 14ቱ የቶዮታ ፋብሪካዎች ሁሉ ቆመው ዋሉ። ደግሞ በኦገስት 2023 እነዚሁ ፋብሪካዎች ያለ አንዳች ጠላት ቆሙ፤ ምክንያቱም የክፍል ማዘዣውን በሚይዙት ኮምፒዩተሮች ላይ የመዝገብ ማስቀመጫው ስፍራ ስለ ሞላ ነበር። ለክፉ ቀን የተዘጋጁትም ምትክ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በዚያው ሥርዓት ስለ ነበር አብረው ወደቁ። ሁለት መብራት አዘጋጅቶ ዘይቱን ከአንድ ማሰሮ የሚቀዳ ሰው፤ ማሰሮው ባለቀ ጊዜ በጨለማ ይቀመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት፤ የዲጂታል መሣሪያ ኃይሉ በብረቱና በኤሌክትሪኩ ሳይሆን በውስጡ በተጻፈው ቃል እውነተኛነት ላይ መሆኑ ነው። እውነተኛ ቃል ደግሞ ያለ መተማመን አይገኝም። አቅራቢው ዕቃውን ከማን እንደሚገዛ ቢናገር ገዢው እርሱን አልፎ ከታችኛው ጋር እንዳይዋዋል፥ ወይም ዋጋ እንዲቀንስ እንዳያስገድደው ይፈራል፤ ስለዚህ ይደብቃል። በፍርሃት የተሞላ መዝገብም ከባዶ መዝገብ ይልቅ ያስታል። በጀርመን አገር በ2021 የተመሠረተው ካቴና ኤክስ የተባለው ማኅበር ለዚህ መድኃኒት ለመፈለግ የተነሣ ነው። በእርሱም ቢኤምደብልዩ፥ መርሴዲስ ቤንዝ፥ ቦሽና ሌሎችም ይገኙበታል። የማኅበሩም ደንብ መረጃው በባለቤቱ እጅ ይቆይ፤ ለሌላው የሚገለጠው ባለቤቱ የፈቀደው ብቻ ይሁን የሚል ነው። ምስጢር ጠባቂ መሆኑ የታወቀ ሰው ብዙ እውነት እንደሚነገረው፤ የባለቤቱን መብት የሚያከብር መዝገብም ብዙ እውነት ይጻፍበታል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። መንግሥት በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ሕዝቡን ወደ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል መርቷል። የነዳጅ ወጪ ሲቀንስ የባትሪና የቺፕ ጥገኝነት ይተካል፤ እነዚህም ከሩቅ አገር ተሠርተው አብዛኛውን ጊዜ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገቡ ናቸው። አስመጪው፥ ጉምሩኩ፥ መገጣጠሚያ ፋብሪካውና ጥገና ቤቱ እያንዳንዱ የየራሱን መዝገብ ለየብቻው ይዞ ቢቀመጥ፤ የትኛው ክፍል በአንድ ምንጭ ብቻ እንደ ተንጠለጠለ የሚታወቀው አምቡላንሱ ወይም የሕዝቡ አውቶቡስ ከቆመ በኋላ ይሆናል።

ስለዚህ ሹማምንት ስለ ኮምፒዩተር መግዣ ገንዘብ ሲመክሩ፤ በኮምፒዩተሩ ስለሚጻፈው ነገር አብልጠው ሊመክሩ ይገባቸዋል። መዝገቡ ዘወትር የሚታረም፥ ምትኩ በሌላ ስፍራ የሚጠበቅ፥ እውነቱን የጻፈም ሰው በጻፈው ነገር የማይጎዳበት ሊሆን ያስፈልጋል። እሳት ከተነሣ በኋላ ውኃ የት እንዳለ መጠየቅ የዘገየ ጥያቄ ነው፤ ጎረቤትም ጉድጓዱን የሚያሳየው በደኅናው ቀን ያመነውን ሰው ነው።