የአልጋ ተራ በበይነ መረብ፦ ሆቴል የማስያዝ ንግድ ዕድገትና ዋጋው

በመርካቶ አጠራር «ተራ» አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ስፍራ ነው፤ ጭድ ተራም ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ልማድ ነው። ገዢ ብዙ ሳይደክም ዋጋ ያነጻጽራል፤ ሻጭም ብቻውን ቢቀመጥ የማያገኘውን ገበያተኛ ያገኛል። የሆቴል ክፍልን በበይነ መረብ የማስያዝ ንግድም በመሠረቱ የአልጋ ተራ ነው። ልዩነቱ፣ ይህ ተራ አንድ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው።

ቡኪንግ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ1996 በኔዘርላንድስ ተመሠረተ። ለዕድገቱ ዋነኛ ምክንያት የሆነው የክፍያ አሠራሩ ነው። እንግዳው ሒሳቡን በቀጥታ ለሆቴሉ ይከፍላል፤ ሆቴሉ ደግሞ እንግዳው ካረፈ በኋላ ለድርጅቱ ኮሚሽን ይሰጣል። አሠራሩ ቅድሚያ ወጪ ስለማይጠይቅ ጥቂት ክፍል ያላቸው ሆቴሎች ሳይቀሩ ተመዘገቡ። የአሜሪካው ፕራይስላይን ድርጅቱን በ2005 በ133 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ በ2018 ገዢው ራሱ ስሙን ወደ ቡኪንግ ሆልዲንግስ ለወጠ።

በአፍሪካ ደግሞ በ2013 በሌጎስ የተመሠረተው ጆቫጎ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ሠርቶ፣ በ2016 ጁሚያ ትራቭል ተብሏል። ይሁን እንጂ ለንግድ መጥቶ መርካቶ አካባቢ የሚያድር ተጓዥ አልጋ የሚያገኘው በአብዛኛው በደንበኝነት፣ በሰው ጥቆማ ወይም በደላላ ነው። ደላላውም እንደ ድረ ገጹ የራሱ ክፍል ሳይኖረው እንግዳ በማምጣቱ ይከፈለዋል። በ2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብር በስልክ በብር መክፈልን በማስቻሉ ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለውን ተጓዥ እንቅፋት አቅልሏል። የእምነት ጥያቄ ግን አልተፈታም፤ ጥቂት አልጋ ላለው ቤት፣ አስይዞ ለሚቀር እንግዳ ክፍል ዘግቶ ማቆየት የዕለት ገቢን ማጣት ነው።

ወደ ተራው መግባትም ዋጋ አለው። ከፍ ያለ ኮሚሽን የሚከፍል ሆቴል በዝርዝሩ ላይ ጎላ ብሎ እንዲታይ ይደረጋል። ሆቴሎች በራሳቸው ድረ ገጽ ከቡኪንግ ባነሰ ዋጋ እንዳይሸጡ የሚከለክል የውል አንቀጽም ነበር፤ የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን አንቀጽ በ2021 የውድድር ሕግን የሚጥስ ሆኖ አግኝቶታል። ኮሚሽኑ ለውጭ ኩባንያ ሲከፈል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለአነስተኛ ማደሪያዎች ቁልፉ ጥያቄ መመዝገብ ወይም አለመመዝገብ ብቻ አይደለም። በድረ ገጽ የመጣውን እንግዳ በሚቀጥለው ጉዞው በቀጥታ የሚደውል ደንበኛ ማድረግ የቻለ ቤት በተራው ይጠቀማል፤ ያልቻለ ግን ለዚያው እንግዳ በመጣ ቁጥር ኮሚሽን ይከፍላል።