ከቤት ግድግዳ ሥር ያለ ቦይ እንዴት ይደፈናል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግድግዳ ሥር ክፍት ሆኖ የሚታየው ቦይ በተለያየ መንገድ የመጣ ነው። አንዳንዱ ለምርጊት የሚሆን አፈር እዚያው ከቤቱ ጥግ የተቆፈረበት ነው። አንዳንዱ የቧንቧ መስመር ሊቀበርበት ተቆፍሮ በወጉ ሳይመለስ የቀረ ነው። ማንም ያልቆፈረውም አለ፤ የቆርቆሮው ጠፈጠፍ ክረምት በመጣ ቁጥር እየደበደበ ያወጣው። በዳገት ላይ በተሠራ ቤት ደግሞ በጓሮ በኩል፣ በተቆረጠው አፈርና በግድግዳው መካከል የተተወ ክፍተት ይኖራል።

ይህን የመጨረሻውን ከሌሎቹ ለይቼ ነው የማየው። ከዳገቱ የሚሰርገውን ውኃ ግድግዳው ሳይደርስ ተቀብሎ በጎን የሚያወጣ ከሆነ ቤቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ልጅ ይወድቅበታል፣ አያምርም ብሎ በአፈር መሙላት ዳገቱን ከግድግዳው ጋር ማገናኘት ነው። እንዲህ ያለው ቦይ ይጠረግ፣ አፉ ይከፈት፣ ካስፈለገም በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደን እንጂ አይደፈን። ስለዚህ አካፋ ከማንሳት በፊት በሐምሌ ዝናብ መሐል ወጥቶ ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል።

እርጥበት ግድግዳ የሚወጣው በግፊት ብቻ አይደለም። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ ደቃቅ አፈርም ውኃን ሽቅብ ይስባል። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ውኃው ከፍ ይላል፦ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ 0.1 ሚሊ ሜትር በሆነ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። የጭቃ ግድግዳና በድንጋዮች መካከል ያለው ጭቃ በእንዲህ ያለ ጠባብ ቀዳዳ የተሞሉ ናቸው። በጠጠር መካከል ያለው ክፍተት ግን ሰፊ ስለሆነ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አይሳብም። ከጉና ሥር ባሉት ደጋዎችና በነፋስ መውጫ አካባቢ ክረምቱ ብርድና ደመና ስለሚበዛበት በቀን የገባው እርጥበት ሳይደርቅ ሌላ ይጨመርበታል።

ጠጠር ውኃ አይስብም ሲባል ብዙ ሰው ቦዩን በድንጋይ ሞልቶ ይገላገላል። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። መውጫ የሌለው የድንጋይ ሙሌት ግድግዳ ሥር የተቀበረ የውኃ ጋን ይሆናል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ጣሪያው 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና ግማሹ ወደዚያ ቦይ ቢያፈስ፣ 30 ሚሊ ሜትር የጣለበት ቀን 600 ሊትር ያወርድበታል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቆጠር 30 ነው። ይህ ሁሉ መሄጃ ካጣ ወደ መሠረቱ ይገባል።

እንግዲህ ድንጋይ የሚሞላው መውጫ ሲኖር ነው። ጋይንትም ሆነ እስቴ ተዳፋት የበዛበት አገር ስለሆነ ቦዩን በቤቱ ማዕዘን በኩል አዙሮ ዝቅ ወዳለው ቦታ ማውጣት ብዙ ጊዜ አያቸግርም፤ የጎረቤት ደጅ ላይ ግን እንዳይለቀቅ። የቦዩ ወለል በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ግንበኞች ውኃ ልክ የሚወስዱበት ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ካለ መልካም፤ ከሌለም አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሶ የሚቆምበትን ቦታ መለየት ይበቃል። ወለሉ ከመሠረቱ በታች እንዳይወርድ፣ አለዚያ ግንቡ ይንሸራተታል። ከታች ጭብጥ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ፣ ከላዩ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ በመጨረሻም አፈር ይደረጋል። በላይኛው አፈርና በጠጠሩ መካከል የተሸመነ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የውስጥ ላስቲኩ ወጥቶለት፣ ቢነጠፍ ደለል ገብቶ ክፍተቱን እንዳይደፍነው ይረዳል።

መውጫ ማበጀት በማይቻልበት ሜዳ ቦታ ወይም ከዳገቱ የሚመጣ ውኃ በሌለበት ወገን ድንጋዩ ይቅርና በደንብ የተጠቀጠቀ አፈር ይሻላል። እዚያ የሚፈለገው ውኃው ከላይ ሳይገባ ተንሸራቶ እንዲሄድ ነው።

ዋልካ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብም በስንጥቁ ቀጥ ብሎ መሠረቱ ድረስ ይወርዳል። አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት ቀይ አፈር ይሻላል። ጭድ፣ ፍግ፣ አመድና የጓሮ ጥራጊ አይገባበትም፤ የሚበሰብሰው ይሰምጣል፣ በፍግና በአመድ ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ እርጥበት እየሳበ በግድግዳው ላይ ነጭ ብናኝ ያወጣል።

ጥሩው ጊዜ ግድግዳው የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይ ካገኘ በኋላ ነው። አፈሩ ደረቅ አቧራ ከሆነ አይጠቀጠቅም፤ ጭቃ ከሆነም እንደዚያው። ጥቂት ውኃ አርከፍክፎ ካሹ በኋላ በጭብጥ ጨምቆ ማየት ነው። መዳፍ ሲከፈት ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ ጣት ሳያጨቀይ በአውራ ጣት ሲገፋም ለሁለት ከተሰበረ፣ ደርሷል። ከዚያ በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየነጠፉ፣ እጀታ በተበጀለት አጭር ግንድ ቀጥ ብሎ ወደ ታች መደልደል። ድምፁ መጀመሪያ የታፈነ ነው፤ ሲጠቀጠቅ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ግንዱም እጅን ይመልሳል። ያኔ ቀጣዩ ይነጠፋል። ሁሉንም አንዴ ሞልቶ ከላይ መርገጥ የሥሩን ልል አድርጎ መተው ነው። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከሆነ ወደ ጎን የሚገፋ ምት እንዳያርፍበት።

የመጨረሻው ገጽ በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከግድግዳው ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። ከፍታው ደግሞ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይነስ፤ አፈር የጭቃውን ምርጊት መንካት የለበትም። የባሕር ዛፍ ቋሚ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እንጨት የሚበላው ሻጋታ እርጥበትም አየርም ይፈልጋልና ሁለቱን የሚያገኘው እዚያ ነው። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ምስጡም ይጨመራል።

የጭቃ ግድግዳን ከሥሩ በሲሚንቶ ለስኖ ማሸግ ግን አልመክርም። ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ምርጊቱም ከሲሚንቶው ጀርባ ይልማል። በቅብ ማሸግ በድንጋይ ላይም ተሞክሯል፦ ከነፋስ መውጫ በጋሸና በኩል በሚደረስበት በላሊበላ አንዳንዶቹ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅነት ያለው ቅብ ተቀብተው ነበር፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጄሊኒ በመራው ጥገና ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ያንን ቅብ ማስወገድ ነበር። ላስቲክ ካለ ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ከሙሌቱ ገጽ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ አዘቅዝቆ መቅበር ይሻላል።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ከሲሚንቶም ከላስቲክም በፊት አሸንዳ ይገዛ፤ ውኃውን ገና ከጣሪያው ላይ ያስቀረዋል። አሸንዳ እስኪገኝ ጠፈጠፉ በሚያርፍበት መስመር ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደር አፈሩን ከመቦርቦር ያድነዋል። ድንጋዮቹም ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበሉ፤ አለዚያ ፍንጣቂው መልሶ ግድግዳውን ያርሰዋል። የመጀመሪያው ክረምት ሲወጣ፣ በመስከረም፣ ሙሌቱ ጥቂት ሰምጦ ይገኛል። ለዚያ የሚሆን አፈር ከአሁኑ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ሲጨመርም በዚያው በ15 ሴንቲ ሜትሩ ንጣፍ፣ በዚያው ግንድ ይደልደል።