ልርዳት ወይስ ልረዳት?

በሬ የሌለው ቤት ብዙ ነው። ዶሮ የሌለው ቤት ግን ጥቂት ነው። የዶሮ እንቁላል ጨው ይገዛል፤ ሳሙና ይገዛል፤ ለልጅም ደብተር ይገዛል። ስለዚህ ዶሮ ስትታመም ቤቱ ይጎዳል። ከሁሉ በላይ የምትጎዳው እናቲቱ ናት፤ የእንቁላሉ ገንዘብ የእርሷ ነውና።

ዛሬ የምንጽፈው ቶሎ ስለሚገድል በሽታ አይደለም። ዶሮዋ አትሞትም፤ አትድንምም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ታማ ትቆያለች። እንዲህ ያለች ዶሮ ምን ትደረግ?

ይህን ጥያቄ ያነሱት ከምናስተምራቸው እናቶች አንዷ ናቸው። «ልጆቼ፣ ፊደሉን ቆጠርን፤ እሺ። እስቲ ይህን ንገሩኝ። ዶሮዬ ከመስቀል ጀምሮ ታስላለች። ልርዳት ወይስ ልረዳት?» አሉን። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሁለቱን ቃላት በሰሌዳ ላይ ጻፍናቸው። ልዩነታቸው ምን ያህል ነው? አንደኛው «ል-ር-ዳ-ት» ነው። ሁለተኛው «ል-ረ-ዳ-ት» ነው። በ«ር» ዶሮዋ ትታከማለች፤ በ«ረ» ትታረዳለች። ሳቁ አለቀ፤ ጥያቄው ግን ቀረ። እኛም የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቀን መልሱን ይዘን መጣን።

መጀመሪያ በሽታውን መለየት ያስፈልጋል። ሁሉም በሽታ በአንድ መድኃኒት አይድንም።

የዶሮዋን እግር እዩ። የእግሯ ቅርፊት ተነስቶ፣ ወፍሮ፣ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ይዟል? አንዳንዴ ታነክሳለች? ይህ ከቅማል በጣም ያነሰ ተባይ ነው። ቅርፊቱ ሥር ገብቶ ይኖራል። ዶሮዋን ለወራት ያሠቃያታል። ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ይተዋታል። እርጅና አይደለም፤ ይድናል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እግሯን አርሱት። ቅርፊቱ ሲለሰልስ በቀስታ እጠቡት፤ በግድ አትላጡት፤ ይደማል። ከዚያ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት በደንብ ቀቡት። ተባዩ አየር አጥቶ ይሞታል። በየጥቂት ቀኑ እየደገማችሁ ጥቂት ሳምንታት ቀጥሉ። ቆጡንም አጽዱ። ላምባ የሚቀባ ሰው አለ፤ ላምባ ቆዳዋን ያቃጥላል፤ አንመክርም።

አናቷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋና በዓይኗ ዙሪያ ኪንታሮት የመሰለ ቁስል ከወጣባት ደግሞ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። የወባ ትንኝ የመሳሰሉ ትንኞች ከዶሮ ወደ ዶሮ ያዛምቱታል። የሚገድለው መድኃኒት የለም። ብዙዎቹ ዶሮዎች ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። ቅርፊቱን አትንቀሉት። ዓይኗ ከተከደነ ምግብና ውሃ አቅርቡላት፤ ካላየች አትበላምና። ቁስሉ አፏ ውስጥ ከገባ ግን ልትታፈን ስለምትችል ባለሙያ ይያት።

አሁን ወደ ሳሉ እንምጣ። ከባዱ ይሄ ነው።

የእናታችን ዶሮ ታስነጥሳለች። ከአፍንጫዋ ንፍጥ ይወርዳል። ዓይኗ አረፋ ይይዛል። ሌሊት ቆጥ ላይ ሆና ስትተነፍስ ያንኮራፋባታል። ትበላለች፤ ግን ከሳች። እንቁላሏም ቀነሰ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጠው ሰጧት፤ ለውጥ የለም። ጎረቤት የሰው ቴትራሳይክሊን አመጡ። ካፕሱሉን ከፍተው አፏ ውስጥ አፈሰሱላት። በሦስተኛው ቀን ሳሉ ጠፋ። «ዳነች!» ተባለ። መድኃኒቱም ቆመ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ብርድ ሲመጣ፣ ሳሉ ተመልሶ መጣ። ሁለት ጫጩቶችም አብረው ማስነጠስ ጀመሩ።

ይህ ለምን ሆነ? ባለሙያው እንዲህ አስረዱን። ይህን ሥር የሰደደ ሳል የሚያመጣው አንድ ዓይነት በዓይን የማይታይ ተህዋስ ነው። ስሙ ማይኮፕላዝማ ይባላል። መድኃኒቱ ያደክመዋል፤ ሳሉን ያቆመዋል። ነገር ግን ከዶሮዋ ሰውነት ጨርሶ አያወጣውም። ዶሮዋ የዳነች ትመስላለች፤ በሽታውን ግን እንደተሸከመች ትኖራለች። ብርድ፣ አቧራ፣ የምድጃ ጭስና የኩስ ሽታ ሲበዛባት እንደገና ይነሳባታል። ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው፤ በሽታው በእንቁላሏ ውስጥ ያልፋል። ከታቀፈችው እንቁላል የሚፈለፈለው ጫጩት ገና ሲወለድ ታሞ ሊወለድ ይችላል።

ስለ መድኃኒቱም ጥቂት እንበል። መታከም ክፉ አይደለም። ባለሙያው አይቶ «ለ5 ቀን» ካለ 5 ቀን ሙሉ ይሰጥ። ሁለት ቀን ሰጥቶ ማቆም ተህዋሱን መድኃኒቱን ያስለምደዋል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ለዶሮም ለሰውም አይሠራም። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። መድኃኒት የያዘች ዶሮ እንቁላሏም ሥጋዋም አይበላም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚጠበቅ ቀን አለ። ቀኑ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉት።

መድኃኒት ስትገዙ ዕቃውን ተቀብላችሁ አንብቡ። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሩን ግን ታውቁታላችሁ። ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ የሚባሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደሎች አጠገብ ያለው ቁጥር መድኃኒቱ የሚያበቃበት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ዓመቱ የፈረንጆች ነው። 06/2025 ቢል በእኛ ሰኔ 2017 ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «2025 ገና ነው፤ ብዙ ዓመት ይቀረዋል» ብሎ የተበላሸ መድኃኒት ይገዛል። ሻጩም ላይነግራችሁ ይችላል።

እንግዲህ እናታችን ምን ይምረጡ? አብረን ሒሳብ ሠራን። የአገራችን ዶሮ በዓመት 3 ወይም 4 ጊዜ ትጥላለች። በአንድ ጊዜ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ነው። 12 በ4 ሲባዛ 48 እንቁላል። የታመመች ዶሮ ከዚህ ታንሳለች። እንቁላሏም አይታቀፍም። በሌላ ወገን ደግሞ ቤት ውስጥ ሌሎች 6 ዶሮዎችና 9 ጫጩቶች አሉ። አንዷን ለማዳን ሲባል ሁሉም ቢያስሉስ?

አንድ አባት «ገበያ ወስደው ይሽጧትና ይገላገሉ» አሉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እናታችን ዝም ብለው ቆዩ። ኋላ «እኔስ ከገበያ አይደል የገዛኋት?» አሉ። አዎ፣ በሽታው የገባው እንዲህ ነው። የገዛት ሰው ደግሞ በተራው ይዟት ይገባል። እኛ ይህን ምርጫ አንደግፍም።

የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው፣ ዶሮዋን ለብቻ አድርጎ ማቆየት ነው። የተለየ ቤት፣ የተለየ ውሃ መጠጫ ያስፈልጋታል። ሌሎቹ ከተመገቡ በኋላ እርሷ ትመገባለች፤ ጤነኞቹ ይቅደሙ። እንቁላሏ ለምግብ ይሁን እንጂ አይታቀፍ። ቦታና ጊዜ ላለው ሰው ይህ ይቻላል። ሁለተኛው ማረድ ነው። ይህ የዶሮ ሳል በሰው አይተላለፍም። የመድኃኒቱ ቀን ካለፈ፣ ዶሮዋም የምትበላ የምትጠጣ ከሆነች፣ ሥጋዋ በደንብ በስሎ ይበላል። በድንገት የሞተችን ዶሮ ግን አትብሉ። ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ከሞተ ደግሞ አትንኩ፤ ለባለሙያ ንገሩ።

እናታችን አልቸኮሉም። «ጭልፊት የማትፈራ ናት፤ ከጫጩቷ ላይ ነጥቆ አያውቅም» አሉን። እንዲህ ያለች ዶሮ እንደ ቤተሰብ ናት፤ ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም። ግን ለብቻ የሚያኖሯት ቦታ የላቸውም። የመድኃኒቱ ቀን እስኪያልፍ በእንቅብ ሥር አቆዩዋት። ከዚያ አሳረዷት። ቆጡን አጠቡ፤ ለሳምንትም ፀሐይ ላይ አሰጡት። የሚያስነጥሱትን ሁለቱን ጫጩቶች ለይተው ይጠብቃሉ። አሁን አዲስ ቄብ ሲገዙ ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሉም፤ ሁለት ሳምንት ለብቻ አስቀምጠው ሳሏን ያዳምጣሉ።

ፈንግልን ሳንጠቅስ አንለፍ። ፈንግል ከገባ ምርጫም የለ፤ አንገት ያጣምማል፤ አረንጓዴ ያስቀምጣል፤ በጥቂት ቀን መንደሩን ይጨርሳል። መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው፤ ቢሾፍቱ ከተማ ባለው የእንስሳት ክትባት ተቋም ይመረታል። ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ የሚደረግ ዓይነት አለ። በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይደገማል። የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ይበቃል፤ ከተከፈተ ግን አይቆይም። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋገሩና አንድ ቀን ቁረጡ። የእያንዳንዱን ቤት ዶሮ ቆጥራችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ወረቀቱን ለባለሙያው ስጡ። ክትባቱ ማልዶ ይሁን፤ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ መያዝ ይቀላል።