ከክትክታው ዛፍ ሥር

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ «ለዚህ ትዳር፣ ለዚህ አገልግሎት አልበቃም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? በቀርሜሎስ ጸልዮ እሳት ከሰማይ የወረደለት ኤልያስ እንኳ የኤልዛቤልን ዛቻ ሲሰማ ሸሸ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከአባቶቹ እንደማይሻል ተናገረ፤ ሞቱንም ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)።

ጌታ በዚያ ሰዓት አልገሠጸውም። መልአኩ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና መገበው። ጥያቄው የመጣው ከ40 ቀንና 40 ሌሊት ጉዞ በኋላ በኮሬብ ነው፤ ብቻውን እንዳልቀረ፣ ገና 7,000 ሰዎች እንዳሉም የሰማው ያኔ ነው።

እኛ ባሎች ግን (እኔንም ጨምሮ) የደከመች ሚስታችንን በጥቅስ ለማንሣት እንቸኩላለን። ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ እራቱን አንተ አቅርብ፤ ልጆቹንም አስተኛ። እርሷ ትረፍ። ነገ ማለዳ አብራችሁ ትጸልያላችሁ።