ጉልበትን ስለሚያጸኑት መስቀለኛ ጅማቶች

በአማርኛችን «ጉልበት» የአንድ የአካል ክፍል መጠሪያ ሲሆን የብርታትም ስም ነው። አቅም ያነሰውን ሰው «ጉልበቱ ከዳው» እንላለን። ይሁን እንጂ ሰውዬው ሳይደክም ጉልበቱ በእውነት የሚከዳበት፥ በደህና መንገድ ሲሄድ በድንገት ሸብረክ የሚልበት ጉዳት አለ። ዛሬ ልንገልጸው ያሰብነው የዚህን ምክንያት ነው።

የዳሌን መጋጠሚያ ተመልክተን እንደ ሆነ፥ የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በጎድጓዳ ስፍራ ስለሚገባ በቅርጹ ብቻ እንኳ በብዙ ይጸናል። ጉልበት ግን እንዲህ አልተሠራም። የጭን አጥንት ሁለት ክብ ጫፎች የሚያርፉት ጠፍጣፋ ሊባል በሚችለው የቅልጥም አጥንት ራስ ላይ ነው። ሞፈርና ቀንበር ያለ ምራን እንደማይያያዙ ሁሉ፥ እነዚህም አጥንቶች ያለ ማሰሪያ ቢተዉ አንዱ ከሌላው ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ በግራና በቀኝ አንዳንድ ጅማት ይዟቸዋል፤ በመጋጠሚያው መካከል ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚተላለፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። መስቀለኛ የተባሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

የፊተኛው ከቅልጥም አጥንት ራስ ፊት ተነሥቶ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወጣል፤ ሥራውም ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይሾልክ መያዝ ነው። የኋለኛው ከቅልጥም ጀርባ ተነሥቶ ወደ ላይና ወደ ፊት ይወጣል፤ ቅልጥም ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ምርምር እንዳሳየው፥ ቅልጥምን ወደ ፊት ከሚያግደው ኃይል ከመቶ 86 ያህሉ የፊተኛው፥ ወደ ኋላ ከሚያግደው ከመቶ 95 ያህሉ የኋለኛው ጅማት ድርሻ ነው። የፊተኛው ርዝመቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ፥ ውፍረቱም 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆንም፥ በወጣት ሰው ላይ ከ200 ኪሎ በላይ ስበት ይችላል። ቃጫዎቹም በሁለት ጥቅል የተከፈሉ ናቸው፤ አንደኛው ጉልበት ሲታጠፍ፥ ሁለተኛው ሲዘረጋ ይወጠራል። እንዲሁም ቅልጥም ከልክ በላይ እንዳይጠመዘዝ ይከላከላል።

ይህ ሁሉ ብርታት እያለው የሚበጠሰው እንዴት ነው? በአያት ኮንዶሚኒየሞች አጠገብ ወጣቶች ኳስ ሲጫወቱ ልብ ብለን እንመልከት። ሯጩ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ገላውን በድንገት ያዞራል፤ እግሩ እንደ ተተከለ ሲቀር ጭኑ ይዞራል። ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካው የፊተኛው ጅማት «ቋ» ብሎ ይበጠሳል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ደም በመጋጠሚያው ስለሚፈስስ ጉልበቱ ያብጣል። የኋለኛው ጅማት አበጣጠስ ሌላ ነው። በሚኒባስ ፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው በግጭት ጊዜ የታጠፈ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው አካል ጋር ሲላተም ቅልጥሙ ወደ ኋላ ይገፋል።

አሳሳቹ ነገር ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ቤተ ሰቡ «ወለምታ ነው» ብሎ ወጌሻ ይጠራል፤ ጉልበቱ ይታሻል። ከሳምንታት በኋላ እብጠቱ ይጎድላል፥ ሕመሙም ይቀንሳል፤ ልጁ ዳነ ተብሎ ወደ ሜዳው ይመለሳል። ሆኖም እብጠቱን ያጎደለው ጊዜ ነው እንጂ እሽቱ አይደለም። ፈጽሞ የተበጠሰ የፊተኛ ጅማት በመጋጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚዋኝ ራሱን መልሶ የሚቀጥለው ከስንት አንድ ነው። ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ሲወርድ ወይም በሩጫ ሲታጠፍ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በከዳው ቁጥርም በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈው ልም አጥንት ይቀደዳል። በሃያ ዓመቱ የተጎዳ ሰው ገና ሳያረጅ የሽማግሌ ጉልበት የሚይዘው በዚህ መንገድ ነው።

ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም፤ ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» መባሉ አይበቃም። ሐኪሙ ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ፥ በአንድ እጁ ጭኑን ይዞ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል፤ ከደህናው እግር ጋርም ያመዛዝናል። ሲያስፈልግ በኤም አር አይ ይረጋገጣል። ሕክምናውን በተመለከተ፥ እ.ኤ.አ. በ1895 ሜዮ ሮብሰን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በሊድስ ከተማ የአንድ ማዕድን ቆፋሪ ሁለቱንም መስቀለኛ ጅማቶች ሰፍቶ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሕመምተኛው ከራሱ አካል ሌላ ጅማት ተወስዶ ይተካል። ቀዶ ሕክምና ለሁሉም አያስፈልግም፤ የጭንን ጡንቻዎች በእንቅስቃሴ በማጠንከር ብቻ ደህና የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። በቀዶ የታከመውም ቢሆን ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ወደ ኳስ ሜዳ እንዲመለስ አይመከርም።

አደጋው በደረሰ ጊዜ ጨዋታውን አቁሞ፥ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጎ፥ እግሩን ከፍ ማድረግና ወደ ሐኪም መውሰድ ነው፤ አይታሽ፥ አይጎተት። የእግሩ መዳፍ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ግን የደም ሥር ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅ።

የስፖርት መምህራን በተለይ ሴቶች ተማሪዎችን ልብ ይበሉ፤ በአንድ ዓይነት ጨዋታ ይህ ጉዳት ከወንዶች ይልቅ በእነርሱ ላይ ይበረታልና። ከጨዋታ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ሰውነትን ማሟሟቅ፥ በአንድ እግር ሚዛን ጠብቆ መቆም፥ ከዝላይ ሲወርዱም ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ወደ ውስጥ ሳያዘነብሉ ማረፍን በየሳምንቱ ቢያለማምዷቸው፥ ጉዳቱ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች አረጋግጠዋል።